አሜሪካ ውስጥ መንግሥት ስለናንተ የያዘውን ፋይል እንዴት ትጠይቃላችሁ፣ አላግባብ ሲጠቀምበትስ በምን ትይዙታላችሁ

እዚ አሜሪካ ስለ መንግሥት ክትትል ወሬ ሲነሳ ሀበሻው ለሁለት ነው የሚከፈለው፣ አንዱ «ሁሉንም ይሰማሉ፣ ምን ይደረጋል» ብሎ ነገሩን ለእግዜር ይተወዋል፣ ሌላው «እኔ ያጠፋሁት የለ፣ ምን አስፈራኝ» ይላል። የአሜሪካ ሕግ መረጃ መሰብሰቡን ራሱን ያን ያህል አይከለክልም፣ ጠበቅ የሚለው ከተሰበሰበ በኋላ ነው፣ ለማን ይሰጣል፣ ለምን ይውላል፣ ስህተት ካለበት ማን ያርመዋል የሚለው ላይ። ችግሩ ሕጉ በራሱ ተነስቶ አይሰራም፣ ደብዳቤ ጽፎ የሚቀሰቅሰው ሰው ያስፈልገዋል። እኔ ጠበቃ አይደለሁም ግን እነዚህን ፎርሞች ለሰው ስሞላ ነው የኖርኩት እና ሰዉ ሁሌ የሚጠይቀኝን እዚ ላስቀምጠው። የማወራው ስለ ፌደራል መንግሥት ብቻ ነው፣ የሜሪላንድ ወይ የቨርጂኒያ ፖሊስ የየራሱ የስቴት ሕግ አለው። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ሕጎቹ ከየት እንደመጡ ባጭሩ። 8 ማርች 1971 ማታ ፔንሲልቫኒያ ውስጥ ሚዲያ የምትባል ትንሽ ከተማ ላይ ያለ የኤፍ ቢ አይ ቢሮ ተሰብሮ ሰነዶቹ ተሰረቁ፣ የሰረቁት ሰዎች ለጋዜጦች ላኩት፣ ኮኢንቴልፕሮ የሚባለው ሚስጥራዊ ፕሮግራም የታወቀው በዚ ነው። ከ1956 ጀምሮ የሲቪል መብት ታጋዩን፣ ጦርነት ተቃዋሚውን፣ ተማሪውን እየተከታተሉ ያገኙትን መረጃ ሰውየውን ለማዋረድና ከጓደኞቹ ለማጣላት ይጠቀሙበት ነበር፣ ማርቲን ሉተር ኪንግ ላይ በድብቅ የቀዱትን ድምጽ ከማስፈራሪያ ደብዳቤ ጋር ልከውለታል። ከዚና ከዋተርጌት ቅሌት በኋላ ነው ኮንግረስ የነቃው። በ1974 መጨረሻ ፕራይቬሲ አክት (መንግሥት ስለ ሰው የያዘውን መረጃ የሚገዛው ሕግ) ወጣ፣ በ1976 የታክስ መረጃ ለፖለቲካ እንዳይውል የሚከለክለው ሕግ ተጠናከረ፣ በ1978 ደሞ ፋይዛ የሚባለው የስለላ ፍርድ ቤት ሕግ መጣ። ፎያ (የመንግሥት ሰነድ ለመጠየቅ የሚፈቅደው ሕግ) ግን ከነሱ ይቀድማል፣ 1966 ነው።

አሁን ወደ ስራው።

ማን መጠየቅ ይችላል

ፎያን ማንም መጠቀም ይችላል፣ ዜጋው፣ ግሪን ካርድ ያለው፣ አሳይለም (ጥገኝነት) የሚጠብቀው፣ ቪዛው የተቃጠለበት፣ አዲስ አበባ ቁጭ ያለ ሰው ራሱ። ፕራይቬሲ አክት ግን ለዜጋና ለግሪን ካርድ ባለቤት ብቻ ነው፣ ጥቅሙ ደሞ ፋይልህን ከማየት አልፎ «ይሄ ስህተት ነው አርሙት» ለማለትና ለመክሰስ መብት ይሰጣል። ስለዚ ግሪን ካርድ ወይ ሲቲዝንሺፕ ያላችሁ ሁሌም ደብዳቤያችሁ ላይ ሁለቱንም ሕግ ጥቀሱ፣ በአንዱ የተከለከላችሁትን በሌላው ልታገኙት ትችላላችሁ። ሌሎቻችሁ በፎያ ብቻ ሂዱ።

አንድ ማስጠንቀቂያ፣ የኢሚግሬሽን ኬሳችሁ ገና ያላለቀ ከሆነ ወይ የወንጀል ነገር ካለ ደብዳቤውን ከመላካችሁ በፊት ጠበቃችሁን አናግሩ። መጠየቁ ራሱ ወንጀል አይደለም፣ ግን ደብዳቤው ውስጥ የምትጽፉት እያንዳንዱ ነገር ፋይላችሁ ውስጥ ይገባል፣ ሰው ደሞ «ለምን ትከታተሉኛላችሁ» ብሎ ያልተጠየቀውን የሕይወት ታሪኩን ሲዘረዝር አያለሁ። አታድርጉት።

የትኛው ቢሮ ጋ

«መንግሥት ያለውን ሁሉ ላኩልኝ» የሚባል ጥያቄ የለም። እያንዳንዱ መስሪያ ቤት የራሱ ፎያ ቢሮ አለው፣ አንዱ ሌላውን አይጠይቅላችሁም። ለኛ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚጠቅሙት ሶስት ናቸው። ዩኤስሲአይኤስ (የኢሚግሬሽን መስሪያ ቤቱ) ጋ ኤ-ፋይላችሁ አለ፣ ከመጀመሪያው ቪዛ ወይ ከስደተኛ ቃለ መጠይቅ ጀምሮ ያለው ወረቀት በሙሉ፣ የኢንተርቪው ኦፊሰሩ የጻፈው ማስታወሻ ሳይቀር። ሲቢፒ (የድንበርና የኤርፖርት ተቆጣጣሪው) ጋ የጉዞ ታሪካችሁ አለ፣ መቼ ገባችሁ መቼ ወጣችሁ፣ ኤርፖርት ላይ ለተጨማሪ ምርመራ ሁለተኛው ክፍል አስገብተው ምን ጠየቋችሁ ምን መለሳችሁ። ኤፍ ቢ አይ ጋ ምርመራ ወይ ስማችሁ የተጠቀሰበት ሌላ ሰው ፋይል ካለ እሱ ነው ያለው።

ኤፍ ቢ አይ ላይ ሰው በጣም ይደናገራል፣ አሻራ ሰጥቶ 18 ዶላር ከፍሎ የሚመጣው «ሪከርድ የለም» የሚለው ወረቀት የእስር ታሪክ ብቻ ነው፣ ለስራ ወይ ለውጭ ጉዳይ የሚፈለገው። ያ ወረቀት ንጹህ ነው ማለት የምርመራ ፋይል የለም ማለት አይደለም። የምርመራ ፋይሉ በፎያ ነው የሚጠየቀው፣ አሻራ አያስፈልገውም። ስትጠይቁ ደሞ በስማችሁ የተከፈተውን ዋና ፋይል ብቻ ሳይሆን በሌላ ፋይል ውስጥ ስማችሁ የተጠቀሰበትንም እንዲፈልጉ በግልጽ ጻፉ፣ ካልጻፋችሁ ዋናውን ብቻ አይተው «የለም» ይሏችኋል። ያንን ለመፈለግ ደሞ ፍንጭ ይፈልጋሉ፣ የሰልፉ ቀን፣ የማህበሩ ስም፣ ኤጀንት ቤት የመጣበት ወር፣ የተሰማራበት ከተማ።

ስም

እዚ ጋ ነው የኛ ጣጣ። የኛ ስም በእንግሊዝኛ ፊደል ሲጻፍ አንድ ሰው ሶስት አራት ሰው ይሆናል፣ ፀሐይን በቲ-ኤስ የሚጽፍ አለ፣ በቲ-ዜድ የሚጽፍ አለ፣ ቲውን ጥሎ በኤስ ብቻ የሚጽፍ አለ። የአባት ስም እንደ ቤተሰብ ስም ይገባል፣ የአያት ስም አንዴ ይገባል አንዴ ይቀራል፣ ገብረ የሚለው ደሞ ከሚከተለው ስም ጋር ተጣብቆ ወይ ተለያይቶ ይጻፋል። ፓስፖርቱ ላይ አንድ ስም ብቻ የነበረው ሰው ደሞ ቪዛው ላይ ኤፍ-ኤን-ዩ ተብሎ ይመዘገባል፣ «የመጀመሪያ ስም አይታወቅም» ማለት ነው፣ እሱን ስሙ አድርጎ መንጃ ፈቃድ ያወጣ ሰው ሁሉ አለ። የልደት ቀንም እንደዛው፣ መስከረም 1ን ዝም ብሎ ሴፕቴምበር 1 ብሎ የሞላ ሰው እና ዓመቱን ሳይቀይር የሞላ ሰው ብዙ ነው። ስለዚ በሕይወታችሁ የተጠቀማችሁበትን ስፔሊንግና የልደት ቀን በሙሉ ጻፉላቸው፣ የኤ-ቁጥራችሁን (የኢሚግሬሽን መለያ ቁጥራችሁን)፣ የድሮና የአዲስ ፓስፖርት ቁጥራችሁን፣ የኖራችሁባቸውን ስቴቶች። ይሄ ዝርዝር የጎደለው ጥያቄ ነው «ምንም አላገኘንም» ተብሎ የሚመለሰው።

ደብዳቤው

እንግሊዝኛ መሆን አለበት፣ አሁን አብዛኛው ቦታ ኦንላይን ፖርታል ስላለ አካውንት ከፍታችሁ ሳጥኑ ውስጥ መሙላት ነው፣ ይዘቱ ግን በግምት ይሄ ነው፦

«ይህን ጥያቄ የማቀርበው በፎያ እና በፕራይቬሲ አክት ነው። ስለ እኔ የተያዘውን ማንኛውንም መዝገብ፣ ስሜ በሌላ ፋይል ውስጥ የተጠቀሰበትንም ጨምሮ፣ ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን ድረስ ያለውን እንድትፈልጉልኝ እጠይቃለሁ። በተለይ ከእገሌ ቀን ሰልፍ ጋር እና በእገሌ ኤርፖርት ከተደረገልኝ ፍተሻ ጋር የተያያዘውን። ስለ እኔ ያለውን መረጃ ለየትኞቹ መስሪያ ቤቶች ወይም መንግሥታት እንደሰጣችሁ የሚያሳየውንም መዝገብ እፈልጋለሁ። የሚከለከል ክፍል ካለ እሱን ብቻ ሸፍናችሁ ቀሪውን ላኩልኝ። እስከ 25 ዶላር ለመክፈል ፈቃደኛ ነኝ፣ ከዛ ካለፈ አስቀድማችሁ አሳውቁኝ።»

ስለ ብር አትጨነቁ፣ ለግል ጉዳይ የሚጠይቅ ሰው በፎያ የመጀመሪያው 2 ሰዓት ፍለጋና የመጀመሪያው 100 ገጽ ነጻ ነው። ማንነታችሁን ለማረጋገጥ ኖተሪ ጋ መሄድም የግድ አይደለም፣ «ያልኩት እውነት ነው፣ ዋሽቼ ከተገኘሁ በሐሰት ምስክርነት ልጠየቅ» የሚል ዓረፍተ ነገር ጽፋችሁ ፈርማችሁ ቀን ካደረጋችሁበት ሕጉ ይቀበለዋል፣ የፍትሕ ሚኒስቴሩ ዲኦጄ-361 የሚባል የራሱ ፎርም አለው። እና ያቺን «ለማን ሰጣችሁ» የምትለዋን መስመር አትዝለሏት፣ አላግባብ የተሰጠ ነገር ካለ የምትገኘው በሷ ነው፣ ኤፍ ቢ አይ ብዙ ጊዜ አልሰጥም ይላል ሌላው ግን ይሰጣል።

ሕጉ በ20 የስራ ቀን መልሱ ይላል፣ ከባድ ከሆነ 10 ቀን ይጨመራል። በተግባር ወራት ነው፣ አንዳንዴ ዓመት። የኤ-ፋይል መዘግየት በጣም ብሶ ካሊፎርኒያ ውስጥ ተከሰሱና በ2020 መጨረሻ ፌደራል ዳኛ ጊዜውን እንዲያከብሩ አዟቸዋል። ኢሚግሬሽን ፍርድ ቤት ቀጠሮ ካላችሁ የቀጠሮውን ወረቀት አያይዙ፣ ዩኤስሲአይኤስ ለነሱ የተለየ ፈጣን መስመር አለው።

መልሱ ሲመጣ እንዴት ይነበባል

መጀመሪያ የምታገኙት የሽፋን ደብዳቤ ነው፣ ይሄን ያህል ገጽ አየን ይሄን ያህል ለቀቅን የሚል። ከዛ ገጾቹ ሲከፈቱ ግማሹ በሳጥን ተሸፍኖ ጥጉ ላይ ትንንሽ ኮድ ተጽፎ ነው። ኮዶቹን ካላወቃችሁ ገጹ ባዶ ነው የሚመስለው። ቢ-6 እና ቢ-7-ሲ ማለት የሌላ ሰው ግላዊ መረጃ አለበት፣ ብዙውን ጊዜ የኤጀንቱ ስም ነው፣ እሱ ላይ አትድከሙ። ቢ-1 ማለት በሀገር ደህንነት ሚስጥር ተብሏል። ቢ-7-ዲ ማለት ጠቋሚ አለ፣ ማለትም ስለናንተ የነገራቸው ሰው አለ፣ ስሙ አይነገራችሁም። ቢ-7-ኢ «የምርመራ ዘዴያችን ይታወቅብናል» ነው፣ ይሄኛውን እንደፈለጉ ይለጥፉታል፣ ይግባኝ ላይ ብዙ ጊዜ የሚላላውም እሱ ነው። ቢ-7-ኤ ካያችሁ ግን ቆም በሉ፣ «ብንለቀው በሂደት ላይ ያለ ነገር ይበላሽብናል» ማለት ነው፣ ያኔ ይግባኙን ከመጻፋችሁ በፊት ጠበቃ ፈልጉ።

አንዳንዴ ደሞ «መኖሩንም አለመኖሩንም አናረጋግጥም» የሚል ይመጣል፣ ግሎማር ይሉታል፣ በ1970ዎቹ ሲአይኤ ስለ አንዲት መርከብ ሲጠየቅ በሰጠው መልስ ነው ስሙ የቀረው። ኤፍ ቢ አይ ስለ ዋችሊስት (በሽብር የሚጠረጠሩ ሰዎች ዝርዝር) ይሄን ለሁሉም ሰው በቋሚነት ነው የሚጽፈው፣ ሊስት ላይ ለሌለው ሴትዮም ሊስት ላይ ላለው ሰውዬም ያው አንቀጽ ነው የሚደርሳቸው፣ ስለዚ እሱን አይታችሁ እንቅልፍ አትጡ።

ካልተስማማችሁ ይግባኝ አለ፣ ቢያንስ 90 ቀን አላችሁ፣ አንድ ገጽ ደብዳቤ ይበቃል፣ «ፍለጋው በቂ አይደለም፣ እነዚህን ስፔሊንጎች አላያችሁም፣ በገጽ እገሌ ላይ ያለው ቢ-7-ኢ ምክንያት አልተሰጠበትም» በሉ። እኔ ይግባኝ ያልጻፈ ሰው ሳይ ነው የሚቆጨኝ፣ ብዙ ሰው የመጀመሪያዋን ደብዳቤ አይቶ ይተዋል፣ መስሪያ ቤቶቹም እሱን ያውቁታል። በይግባኝም ካልሆነ፣ ወይ ደሞ 20ው ቀን አልፎ ምንም ካልመለሱ፣ የምትኖሩበት አካባቢ ያለ ፌደራል ፍርድ ቤት ወይም ዲሲ መክሰስ ይቻላል፣ መክፈቻው 405 ዶላር ነው፣ ካሸነፋችሁ የጠበቃ ወጪ መንግሥት እንዲከፍል ዳኛው ሊያዝ ይችላል። ብዙ ጊዜ ክሱ ሲገባ ነው ወረቀቱ በድንገት የሚገኘው።

ሰልፍ ስለወጣችሁ ፋይል ቢከፈትባችሁ

ከሕጉ ሁሉ ለኛ ኮሚኒቲ ትልቁ ይሄ ይመስለኛል፣ ብዙ ሰው ግን ሰምቶት አያውቅም። ስቴት ዲፓርትመንት ፊት ለፊት ባንዲራ ይዞ ያልቆመ፣ ቸርች ወይ መስጊድ ስብሰባ ላይ ያልተናገረ፣ ፌስቡክ ላይ ያልተሟገተ የዲሲ ሀበሻ ፈልጋችሁ አታገኙም፣ በየትኛውም ወገን ይሁን። ፕራይቬሲ አክት ውስጥ ኢ-7 የምትባል አንቀጽ አለች፣ የፌደራል መስሪያ ቤት አንድ ሰው የመናገር፣ የመሰብሰብ፣ የሃይማኖት መብቱን እንዴት እንደተጠቀመ የሚገልጽ መዝገብ መያዝ የለበትም ትላለች፣ ሕግ በግልጽ ካልፈቀደ፣ ሰውየው ራሱ ካልፈቀደ፣ ወይ ከተፈቀደ የሕግ ማስከበር ስራ ጋር ካልተያያዘ በቀር። ኤፍ ቢ አይ ከብዙ የፕራይቬሲ አክት አንቀጾች ራሱን ነጻ አውጥቷል፣ ከዚች ግን መውጣት አይችልም፣ ሕጉ ራሱ ዘግቶበታል።

በ2019 የምዕራቡ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ጦርነት የሚቃወም ድረ ገጽ የሚያዘጋጅ ሰው ላይ በ2004 ኤፍ ቢ አይ የጻፈውን ሜሞ እንዲያጠፋ አዟል፣ ምርመራው ሲጀመር ትክክል ቢሆን እንኳ አሁን ለቀጠለ ስራ ካላስፈለገ ይዛችሁ አትቀመጡም ብሎ። እዚ እኛ ያለንበት የዲሲ ፍርድ ቤት ግን በ1996 ሌላ ነው ያለው፣ ሲሰበሰብ አግባብ ከነበረ ማስቀመጡ ችግር የለውም ብሏል። ስለዚ ምዕራብ ሳን ሆዜ ወይ ሲያትል ያለ ሰው እዚ ዲሲ አጠገብ ካለ የሲልቨር ስፕሪንግ ሰው የተሻለ መንገድ አለው፣ ክስ ካሰባችሁ የት እንደምትከሱ ለጠበቃ አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ፋይሉ ውስጥ ስህተት ካገኛችሁ ደሞ (ለምሳሌ አባል ሆናችሁ የማታውቁበት ድርጅት አባል ተብሎ) የማሻሻያ ጥያቄ ትጽፋላችሁ፣ የትኛው ገጽ፣ የትኛው ዓረፍተ ነገር፣ ምን ተብሎ ይስተካከል፣ ማስረጃችሁ ምንድነው። በ10 የስራ ቀን መቀበላቸውን ማሳወቅ አለባቸው። እምቢ ካሉና ይግባኙም ካልሰራ የተቃውሞ መግለጫ ጽፋችሁ ፋይሉ ላይ እንዲያያዝ ማድረግ መብታችሁ ነው፣ ከዛ በኋላ ፋይሉን ለሌላ ሲሰጡ መግለጫችሁን አብረው መስጠት አለባቸው። የምርመራ ፋይሎች ከዚኛው ነጻ የተደረጉ ናቸው፣ ኤ-ፋይል ላይ ግን ይሰራል።

መረጃችሁን ለማይገባው ሰው ቢሰጡ

መርሁ፣ ካለ ጽሁፍ ፈቃዳችሁ መረጃውን ለሌላ ሰው ወይ መስሪያ ቤት አይሰጡም። 12 የተፈቀዱ ምክንያቶች ግን አሉ፣ አንዱ «የተለመደ አጠቃቀም» የሚባለው ሲሆን መስሪያ ቤቱ አስቀድሞ በመንግሥት ጋዜጣ ካወጣው ሰፊ በር ነው፣ እውነቱን ለመናገር ሕጉ የሚፈስበትም በዚ ነው። አውቆ የሰጠ ሰራተኛ እስከ 5,000 ዶላር ሊቀጣ ይችላል። እናንተም መክሰስ ትችላላችሁ፣ ግን ገንዘብ ላይ የሳን ፍራንሲስኮ አካባቢ ፓይለት የደረሰበትን እወቁ፣ የሶሻል ሴኩሪቲ መስሪያ ቤት የኤች አይ ቪ መረጃውን ለሌላ መስሪያ ቤት አሳልፎ ሰጠበት፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2012 ለሐዘንና ለጭንቀት ካሳ አይከፈልም፣ የገንዘብ ጉዳት አሳይ አለው። ስለዚ የጠፋ ስራ፣ የተመለሰ ትኬት፣ ለሐኪም የከፈላችሁትን፣ ደረሰኙን በሙሉ ያዙ። ለመክሰስ ያላችሁ ጊዜ 2 ዓመት ነው።

አሳይለም ላይ ያላችሁ፣ ፕራይቬሲ አክት ባይደርሳችሁም የናንተ ጥበቃ ሌላ ቦታ አለ። የኢሚግሬሽን ደንቡ አሳይለም መጠየቃችሁን ራሱን ካለ ጽሁፍ ፈቃዳችሁ ለውጭ ሰው እንዳይነገር ይከለክላል፣ የሀገራችሁ ኤምባሲም እዛ ውስጥ ይቆጠራል። «ሰነዴን ሊያጣሩ አዲስ አበባ ይደውሉ ይሆን» ለሚለው ፍርሃት መልሱ፣ ማጣራት ይችላሉ፣ ግን አሳይለም መጠየቃችሁን በሚያስታውቅ መንገድ አይደለም። ጥሰውት ከተገኙ መጣሳቸው ራሱ ስትመለሱ ለሚደርስባችሁ አደጋ አዲስ ማስረጃ ይሆናል፣ የኒው ዮርኩ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በ2006 የአንድ ቻይናዊ ኬስ በዚ ምክንያት እንደገና እንዲታይ መልሷል። ኤ-ፋይላችሁ ሲመጣ የውጭ ማጣሪያ ሪፖርት ካለበት ምን ብለው እንደጻፉና የማን ስም እንደገባበት መስመር በመስመር ለጠበቃችሁ አሳዩ።

ወደ ሀገር ቤት ስለምንደውለው ስልክ

ፋይዛ 702 የሚባለው አንቀጽ ውጭ ሀገር ያለ አሜሪካዊ ያልሆነ ሰውን ለእያንዳንዱ ሰው ዋራንት (የዳኛ ፈቃድ) ሳይወጣ መከታተል ይፈቅዳል። እናንተ ዒላማ አይደላችሁም፣ ግን አዲስ አበባ ያለው አጎታችሁ ዒላማ ከሆነ ከሱ ጋር ያወራችሁት አብሮ ይገባል፣ ጥያቄው በኋላ በስማችሁ ገብተው ይፈልጉታል ወይ ነው። ይፈልጉ ነበር፣ በ2023 የተለቀቀው የፋይዛ ፍርድ ቤት ውሳኔ እንደሚያሳየው ኤፍ ቢ አይ በ2020 ሰልፍ ላይ የታሰሩ 133 ሰዎችን፣ ለአንድ የኮንግረስ ተወዳዳሪ ገንዘብ የሰጡ ከ19,000 በላይ ሰዎችን ስም እያስገባ ፈልጓል። ኮንግረስ በኤፕሪል 2024 ሕጉን ለ2 ዓመት ሲያራዝመው በአሜሪካዊ ስም ከመፈለግ በፊት የሱፐርቫይዘር ወይ የጠበቃ ፈቃድ አስገብቷል፣ የዳኛ ዋራንት ግን አላስገባም። ብሩክሊን ያለች ፌደራል ዳኛ ደሞ በ2025 መጀመሪያ ይፋ በሆነ ውሳኔ እንዲህ ያለው ፍለጋ በመርህ ዋራንት ይፈልጋል ብላለች።

እዚ ላይ በፎያ ብዙ አታገኙም። መብታችሁ የሚነሳው መረጃው ሲወጣባችሁ ነው፣ መንግሥት በፋይዛ ያገኘውን ነገር በናንተ ላይ ሊጠቀምበት ካሰበ አስቀድሞ ማሳወቅ አለበት፣ ይሄ ለወንጀል ክስ ብቻ ሳይሆን ለኢሚግሬሽን ችሎትም ይሰራል። ስለዚ ችሎት ላይ ያለ ሰው ጠበቃው «በፋይዛ የተገኘ ማስረጃ አለ ወይ» ብሎ በጽሁፍ እንዲጠይቅለት ያድርግ።

ኤርፖርት

ቦርዲንግ ፓስ ላይ አራት ኤስ ተደርድሮ (ለተጨማሪ ፍተሻ ተመርጣችኋል ማለት ነው) ደጋግሞ ከመጣባችሁ፣ ወይ እያንዳንዱ መመለሻ ላይ ሁለት ሰዓት የምትቆዩ ከሆነ፣ ዲኤችኤስ ትሪፕ የሚባል ነጻ የቅሬታ ፎርም አለ። ሞልታችሁ የሬድሬስ ቁጥር ትቀበላላችሁ፣ ትኬት ስትቆርጡ ታስገቡታላችሁ፣ በስም መመሳሰል የሚጉላላ ሰው ብዙ ጊዜ በዚ ይገላገላል። ዜጋ ወይ ግሪን ካርድ ያለው ሰው ኖ ፍላይ ሊስት (አውሮፕላን እንዳይሳፈሩ የተከለከሉ ሰዎች ዝርዝር) ላይ ካለና ከጠየቀ ከ2015 ወዲህ መኖሩን ይነግሩታል።

ዮናስ ፍቅሬ የሚባለው ከሱዳን የመጣ የፖርትላንድ ነዋሪ፣ የአሜሪካ ዜጋ፣ ታሪኩን እዚ ማንሳት አለብኝ። ካርቱም ኤምባሲ ጠርተው የኤፍ ቢ አይ ሰዎች ኖ ፍላይ ሊስት ላይ ነህ አሉት፣ መስጊድህ ያሉትን ሰዎች ጠቁመን እና እናወጣሃለን እንዳሉት በክሱ ላይ ጽፏል። እምቢ አለ፣ ኤምሬትስ ውስጥ 106 ቀን ታሰረ፣ ስዊድን ገብቶ ዓመታት ቆየ። በ2016 ከሊስቱ አወጡትና «አለቀ፣ ክሱ ይዘጋ» አሉ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በማርች 2024 ሁሉም ዳኞች ተስማምተው አይዘጋም፣ ነገ በዛው ምክንያት እንደማትመልሱት አላሳያችሁም አሉ። ከዚ የምትወስዱት፣ ስማችሁን ስላጸዱ ብቻ ክሳችሁን እንዳትተዉ።

ስልክ ፍተሻ ላይ፣ በሲቢፒ የ2018 መመሪያ መሰረት በእጅ ነካክቶ ማየት ምክንያት አይጠይቅም፣ በማሽን መገልበጥ ግን ምክንያታዊ ጥርጣሬ ወይ የሀገር ደህንነት ስጋት ይፈልጋል፣ ክላውድ ላይ ያለውን ማየት አይችሉም፣ ኔትወርኩ መዘጋት አለበት። ዜጋን ፓስዎርድ አልሰጥም ስላለ አያስቀሩትም፣ ስልኩን ግን ሊይዙት ይችላሉ፣ ከያዙት 6051-ዲ የሚባለውን ደረሰኝ ሳትቀበሉ አትውጡ። ግሪን ካርድ ያላችሁ ደግሞ ደክሟችሁ አይ-407 የሚል ፎርም ቢያቀርቡላችሁ እንዳትፈርሙ፣ ግሪን ካርዴን ተውኩ ማለት ነው።

ኤጀንት ቤት ቢመጣ

ዋራንት ከሌለው ማስገባትም ማናገርም ግዴታ የለባችሁም፣ «ካርድህን ስጠኝ ጠበቃዬ ይደውልልሃል» በቂ ነው። እንግዳ ተቀባይነታችን እዚ ጋ ይጎዳናል፣ ቡና አፍልታ አስቀምጣ የምታወራ እናት አይቻለሁ። ክፋቱ ፌደራል ኤጀንትን መዋሸት እስከ 5 ዓመት የሚያስቀጣ ወንጀል ነው፣ ዝም ማለት ግን ወንጀል አይደለም፣ ቀን ተሳስቶ ከመናገር ዝም ማለት ይሻላል። ከሄደ በኋላ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ስሙን፣ የጠየቀውን ጻፉ፣ ለፎያው ደብዳቤ ይሆናችኋል።

የሚከታተላችሁ የሌላ ሀገር መንግሥት ከሆነ

ከላይ ያለው ሁሉ የአሜሪካን መንግሥት ነው የሚይዘው። ኪዳኔ በሚል የሽፋን ስም የከሰሰ የሜሪላንድ ነዋሪ፣ ትውልደ ኢትዮጵያዊ የአሜሪካ ዜጋ፣ በ2012 መጨረሻ ኮምፒውተሩ ውስጥ ፊንስፓይ የሚባል ሰላይ ሶፍትዌር ገብቶ የስካይፕ ንግግሩን ሲቀዳ እንደነበር ገልጾ የኢትዮጵያን መንግሥት ከሶ ነበር። የዲሲ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በማርች 2017 ዘጋበት፣ የውጭ መንግሥትን ለመክሰስ ድርጊቱ በሙሉ አሜሪካ ውስጥ መፈጸም አለበት፣ ይሄ ግን ከውጭ ነው የተቀናበረው ብሎ። ስለዚ በዚ መንገድ ካሳ አትጠብቁ። ማድረግ የምትችሉት ለኤፍ ቢ አይ ማመልከት፣ እና እንደ ሲትዝን ላብ ያሉ መርማሪዎች እንዲያዩት ማድረግ ነው፣ የኪዳኔንም ጉዳይ ያስነሳው የነሱ ምርመራ ነው። ለዛ ደሞ አጠራጣሪውን ኢሜል ከነአታችመንቱ አትሰርዙ፣ ለማንም ፎርዋርድ አታድርጉ፣ ኮምፒውተሩን ከኢንተርኔት አላቁትና ሌላ መሳሪያ ተጠቀሙ፣ «አጽዳልኝ» ብላችሁ ኮምፒውተር ለሚጠግን ዘመዳችሁም እንዳትሰጡት፣ ፎርማት ከተደረገ የሚታይ ነገር አይኖርም።